ቻይና አጠበችው፣ ህንድ አራዘመችው፦ ስለ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ



ህዳር 2018 ዓ.ም አፋር ውስጥ የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ፣ አመዱ በየመንና በኦማን በኩል አልፎ ህንድ ሰማይ ላይ መድረሱን ሰምታችኋል። ከአመዱ ጋር የወጣው ጋዝ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይባላል። እሳተ ገሞራው ግን መጥቶ ሄደ። ህንድ ውስጥ ይኸው ጋዝ ከድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫዎች በየቀኑ ይወጣል። ለሕክምና ወደዚያ የሚሄዱ ወገኖቻችን ብዙ ናቸውና ዛሬ ስለሱ ላውራችሁ።

ድንጋይ ከሰል ውስጥ ድኝ አለ። ሲቃጠል፣ ክብሪት ስንጭር አፍንጫችንን የሚሰነፍጠን ዓይነት ጋዝ ይሆናል። በአፍንጫችን ረጋ ብለን ስንተነፍስ አብዛኛው እዚያው አፍንጫ ውስጥ ይቀራል። ስንሮጥ ወይም ደረጃ ስንወጣ ግን በአፋችን እንተነፍሳለን፤ ያኔ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። አስም ያለበት ሰው በ5 ወይም በ10 ደቂቃ ውስጥ የአየር ቧንቧው ሊጠብ ይችላል፦ ደረቱን ጭምቅ ያደርገዋል፣ ሲተነፍስ ሲር ሲር ይላል፣ ያስለዋል።

እ.ኤ.አ. በ2007 አካባቢ ይህን ጋዝ በብዛት በመልቀቅ ቻይናን የሚያህል አልነበረም። በቀጣዮቹ 10 ዓመታት ገደማ ወደ 75 በመቶ ቀነሰችው። ከሰል ማቃጠል ትታ እንዳይመስላችሁ! በዚያው ጊዜ የከሰል ፍጆታዋ በግማሽ ያህል ጨምሯል። ነገሩ ያለው ጭስ ማውጫው ላይ ነው። ጭሱ ከመውጣቱ በፊት በኖራ ድንጋይ ውሃ ይታጠባል፤ ጋዙም ጄሶ ሆኖ ይቀራል። መጀመሪያ ላይ ታዲያ ማጠቢያውን ገጥመው የማያሠሩት ጣቢያዎች ነበሩ፤ ማሠራቱ ገንዘብ ይፈጃላ! መንግሥት ያለማቋረጥ የሚለካ መሣሪያ አስገጥሞ፣ ለሚያሠራው በኤሌክትሪክ ዋጋው ላይ ጨምሮ፣ የማያሠራውን መቅጣት ሲጀምር ነው የተስተካከለው።

ህንድስ? በነዚያው ዓመታት የእሷ በ50 በመቶ ገደማ ጨመረ። በ2015 ጣቢያዎቹ በ2 ዓመት ውስጥ ልቀታቸውን እንዲቀንሱ ደንብ አወጣች። ቀነ ገደቡ ተራዘመ፣ ደግሞ ተራዘመ። በ2025 ጭራሽ 78 በመቶ ገደማ የሚሆኑትን ማጠቢያ ከመግጠም ነፃ አደረገች። ምክንያቷ "የእኛ ከሰል ድኙ ትንሽ ነው፣ አየሩ ላይ ሲለካም ጋዙ ከተፈቀደው በታች ነው" የሚል ነው። ድኙ ትንሽ መሆኑ እውነት ነው። እኔን ግን እንደ ሐኪም አያሳምነኝም። ጋዙ አየር ላይ ሲቆይ ሰልፌት ወደሚባል ደቃቅ ብናኝ ይለወጥና በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ጋዙን ብቻ የሚለካ መሣሪያ ይህን አያየውም። ሳንባ ውስጥ ጠልቆ የሚገባው፣ የልብ ድካምና ስትሮክ የሚያባብሰው ግን እንዲህ ያለው ብናኝ ነው።

እኛ ኤሌክትሪካችን በአብዛኛው ከውሃ ስለሆነ ከዚህኛው ተርፈናል። የማድ ቤት ጭሳችን ሌላ ጉድ ነው፣ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ወደ ዴልሂ የምትሄዱ የአስም ታማሚዎች፦ ኤን 95 ማስክ ብናኙን ይይዛል፣ ጋዙን ግን አይዝም። ስለዚህ ማስክ አድርጌአለሁ ብላችሁ አየሩ በከፋበት ቀን ውጭ አትሩጡ። በየቀኑ የምትወስዱት የመከላከያ ፓፍ ካለ ሳታቋርጡ ውሰዱ። የማስታገሻውን ፓፍ ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ኪሳችሁ ውስጥ ያዙት። ወስዳችሁት ካልተሻላችሁ፣ ወይም ዓረፍተ ነገር ሳትጨርሱ ትንፋሽ የሚያጥራችሁ ከሆነ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።