ዲስኢንፎርሜሽን ስንል ምን ማለታችን ነው?

ሰሞኑን እዚህ አርባ ምንጭ ከሴቻ ሰፈር ወደ ሲቀላ ስወርድ አንድ ተሳፋሪ «ነገ ነዳጅ ይጠፋል አሉ» አለ። የባጃጁ ሾፌር ተቆጣ፤ «ተወኝ ባክህ፣ ዲስኢንፎርሜሽን ነው!» በማግሥቱ ማደያው ጋ ሳልፍ እዚያው ሰልፍ ውስጥ ባጃጁ ላይ ተጋድሞ አገኘሁት።

ቃሉ እኛ ዘንድ «መስማት የማልፈልገው ወሬ» ማለት እየሆነ ነው። እንግሊዝኛው የወሰደው ከሩሲያኛ ሲሆን፣ ትርጉሙም ጠበቅ ያለ ነው፦ አውቆ፣ ለዓላማ የተሠራ ውሸት። እ.ኤ.አ. በ1983 ኒውዴልሂ ይታተም የነበረ ፓትሪዮት የተባለ ጋዜጣ ኤድስን አሜሪካኖች በላቦራቶሪ እንደፈጠሩት ጻፈ። ከጀርባው የሶቪየት ኅብረት የስለላ ድርጅት ኬጂቢ ነበር። ወሬው ዓለምን ዞረ።

አክስቴ ግን «ይህ ቅጠል ወባ ያድናል» የሚል መልእክት በቤተሰብ ግሩፕ ብትልክ፣ ተሳሳተች እንጂ አላሴረችም። አርባ ምንጭ ላይ በወባ መሳሳት ቀላል ነገር ነው እያልኩ አይደለም። ስሙ ግን «የተሳሳተ መረጃ» ነው።

የአገራችን አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ ዲስኢንፎርሜሽንን «ሐሰተኛ መረጃ» ይለዋል። ለመያዝ ነገሩ ሐሰት መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ያሰራጨው ሰው ሐሰትነቱን ያወቀ ወይም ማወቅ የሚገባው መሆን አለበት፤ ወሬውም ሁከት ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉ ከፍ ያለ መሆን አለበት። እውነትነቱን ለማጣራት ተገቢውን ጥረት ያደረገ ሰው አይጠየቅም። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተሰራጨ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት እስራት ይደርሳል። (የእኔ ቻናል እዚያ ገና አልደረሰም፤ ቢሆንም እየቆጠርኩ ነው።)

እኔን የሚከነክነኝ ግን ሐሰት ያልሆነው ነው። መስከረም 2011 ከአዲስ አበባ ጥግ፣ ኦሮሚያ ውስጥ ባለችው ቡራዩ ሰው ተገደለ፣ ተፈናቀለ፤ ብዙዎቹ የእኛው ጋሞዎች፣ ሸማኔዎች ነበሩ። ዜናው አርባ ምንጭ ሲደርስ እውነት ነበር። ከእውነቱ ጋር ግን አንድ ቅጥያ አብሮ መጣ፦ «ስለዚህ እዚህ ያለው ኦሮሞ ጎረቤትህም ገዳይህ ነው»። በአዋጁ መለኪያ ዜናው ንጹሕ ነው፤ መርዙ ያለው «ስለዚህ» ላይ ነው። ያንን ደግሞ ፎቶ በማጣራት፣ ቀን በማመሳከር አይደረስበትም።

ያኔ እዚሁ አርባ ምንጭ የተቆጡ ወጣቶች የኦሮሞ ተወላጆች ንብረት ነው ወደተባለው ሲያመሩ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ። ሽማግሌ ሳር ይዞ ከለመነህ አልፈኸው መሄድ በጋሞ ባህል ጎሜ፣ ማለትም ክልክል፣ ነው፤ መዘዙ ለልጅ ልጅ ይተርፋል ይባላል። አባቶች የቡራዩን ዜና ውሸት ነው ብለው አላስተባበሉም፤ ሐዘኑ የራሳቸው ነበርና። የለመኑት በቀሉ እንዲቀር ነው።

ልጆቹ ሳሩን አልተሻገሩም። ተመለሱ።