ጭኮው ከታች ነው

አንድ ወጣት መጥቶ «ደራሲ መሆን እፈልጋለሁ» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን እንዳነበበ አይደለም። ትናንት ነቀምቴ መናኸሪያ ውስጥ ምን እንደሰማ ነው የምጠይቀው። ብዙዎቹ ግራ ይጋባሉ። ስለ ምናባቸው ሊያወሩ ተዘጋጅተው የመጡ ናቸው፤ ስለ ጆሯቸው የጠየቃቸው ሰው የለም።

ጥፋቱ በከፊል የስሙ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙትን መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» አሉት፤ ስሙም ለዘርፉ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ያማረ ስም ነው፣ አልክድም። ግን ከዚያ ወዲህ የመጣ ጀማሪ ሁሉ ታሪኩ ልቡ ውስጥ ተጠናቅቆ የተቀመጠ፣ በር ዘግቶ ቢቀመጥ ብቻ የሚወጣለት ይመስለዋል። ዘግቶ ይቀመጣል፤ አይወጣለትም፤ «ተሰጥኦ የለኝም» ብሎ ይተወዋል። ሠላሳ ዓመት አማርኛ አስተምሬ፣ ሁለት የአጫጭር ልብ ወለድ መድበሎች አሳትሜ የደረስኩበት ሌላ ነው። ታሪክ በጆሮ ይገባል፤ ልብ የሚያሳድገው በኋላ ነው።

መቼት፣ ሴራ፣ ግጭት፣ ገጸ ባሕርይ፣ አንጻር የሚባሉትን እዚህ አልዘረዝርም። የዘሪሁን አስፋው «የሥነ ጽሑፍ መሠረታውያን» ከእኔ በተሻለ ያስረዳል። የዳኛቸው ወርቁን «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ» ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ዘንድ ያገኘ ደግሞ ዋጋ ሳይከራከር ይግዛው፤ «አደፍርስ»ን የጻፈ ሰው ስለ አጻጻፍ ሲናገር ማዳመጥ ያዋጣል።

ወለጋ በጆሮ ለመማር እንግዳ አይደለችም። አስቴር ጋኖን ለምሳሌ ልጥቀስ። በልጅነታቸው ለባርነት ተዳርገው ወደ ዓረብ ምድር በመርከብ ሲወሰዱ በ1886 እ.ኤ.አ. ጣሊያኖች አስጣሏቸውና ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ወደሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። እዚያ ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር በኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ደከሙ፤ መዝገበ ቃላት አሰናዱ። መጽሐፍ ቅዱሱ በ1899 እ.ኤ.አ. ሲታተም በርዕስ ገጹ ላይ የሳቸው ስም አልነበረም። ይህ ብዙ ሰው የሚቆጭበት ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ሥራቸው ነው። ከትውልድ ቀዬአቸው ርቀው፣ ቀይ ባሕር ዳር ተቀምጠው፣ አምስት መቶ ያህል ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን በጽሑፍ አሰፈሩ። ብዙዎቹ በ1894 እ.ኤ.አ. በግዕዝ ፊደል በታተመው የጀማሪዎች ማንበቢያ ውስጥ ገቡ። አምስት መቶ! ከእኔ ተማሪዎች አንዱ እንኳ የአያቱን አምስት ተረት ከነአነጋገሯ የጻፈልኝ የለም። አስቴር በ1904 እ.ኤ.አ. ከነኦነሲሞስ ጋር ወደ ወለጋ መጥተው እዚሁ ነቀምቴ አስተማሩ። የጀማሪ ጸሐፊዎች ክበባችን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰብባት ክፍል ጥቁር ሰሌዳ ጥግ ላይ ስማቸውን በጠመኔ ጽፌዋለሁ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ዙሪያውን ትጠርጋለች እንጂ አታጠፋውም።

ለጀማሪ የምሰጠው የመጀመሪያ ሥራ ይኸው ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ደብተር ይዘህ መናኸሪያ ሂድ። ግማሽ ሰዓት ቁም። ሰው ያለውን ብቻ ጻፍ። ሰማዩን አትግለጽ፣ ፊት አትተርጉም፣ «በሐዘን ተውጣ» አትበል። ያለችውን፣ እንዳለችው።

አንድ የጊምቢ ልጅ ክበባችን በገባ በሁለተኛው ሳምንት ታሪክ ይዞ መጣ። ልጅ ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ነው፤ እናት አውቶቡስ ድረስ ትሸኘዋለች። እናትየው እንዲህ ትላለች፦ «ልጄ ሆይ፣ መለየትህ ልቤን በሐዘን ጦር ወጋው!»

«እናትህ እንዲህ ትላለች?» አልኩት።

ሳቀ።

«አንተ ስትመጣ ምን አለችህ?»

ትንሽ አሰበና፣ «ጭኮው ከታች ነው አለችኝ። ከላይ ያለው ቆሎ ለመንገድ ነው፤ ጭኮውን ሳትደርስ እንዳትነካው» አለ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ገብሱን የቆላችው፣ ያስፈጨችው፣ በቅቤ የለወሰችው መቼ ነው? ሻንጣውን ስንት ጊዜ ፈትታ አሰረችው? ይህን ሁሉ እሷ አልተናገረችም፤ እኛ ግን ሰማነው። ልጁ እጁ ላይ ያለውን ትቶ የጦሩን ቃል ከየት እንዳመጣው ስጠይቀው አያውቅም። እኔ አውቃለሁ፤ ትምህርት ቤት «ጥሩ አማርኛ» ብለን የሸለምነው ያንን ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የኔም ነው።

ቀጥሎ የሆነው ግን ይበልጥ አናደደኝ። በሁለተኛው ረቂቅ ልጁ እናትየውን «እውነተኛ» ሊያደርጋት ፈልጎ አማርኛዋን ሰባበረው። ወንድ ልጇን «አንቺ» አስባላት፤ ግሱን አዛነፈ፤ ፊደሎቿን አጠበቀ። ከቴሌቪዥን ቀልድ የተማረው ነው። ስንቱ ታዋቂ ልብ ወለድም ውስጥ ኦሮሞ ገጸ ባሕርይ ብቅ ሲል አንባቢ ሊስቅ ይዘጋጃል።

እንግዲህ ይህችን ነገር ቆም ብለን እንያት፤ በዚህ ሥራ ከማውቃቸው ስህተቶች ሁሉ በጣም የተለመደው እሱ ነውና። ይህች እናት አውቶቡሱ በር ላይ ለልጇ የተናገረችው በኦሮምኛ ነው። በኦሮምኛ ደግሞ አንደበተ ርቱዕ ናት፤ ሠፈር ውስጥ ጠብ ሲነሣ ሽማግሌዎች ጠርተው ቃሏን ያደምጣሉ። ቋንቋዋ ሙሉ ከሆነ የምትተረጎምበትም አማርኛ ሙሉ መሆን አለበት። ሰባብረህ ስትጽፋት ያሳየኸን እሷን አይደለም፤ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው እሷን የሚሰማበትን ጆሮ ነው። ቼኮቭን በአማርኛ ስናነብ ገበሬዎቹ ሩሲያዊ ስለሆኑ ይኮላተፋሉ እንዴ?

ሌላ ትዕይንት ላይ ነገሩ ይለወጣል። ይህችው እናት ጉዳይ ኖሯት አንድ ቢሮ ገብታ፣ ኦሮምኛ የማይሰማ ሰው ጠረጴዛ ፊት ቆማ፣ በማታውቀው አማርኛ ብትናገር እዚያ ይሰበር። እዚያ ስብራቱ ራሱ ታሪክ ነው፤ ሠፈር የሚያደምጣት ሴት ጠረጴዛ ፊት ስታንስ እናያለን። ግን እሱን የምናየው አውቶቡሱ በር ላይ ሙሉ ሆና ሰምተናት ከሆነ ብቻ ነው። መጀመሪያም የተሰበረች ከሆነች ምን ልዩነት አለው?

አንድ ነገር ልጨምር። «ኦቦ» ብለህ ከጻፍክ በኋላ በቅንፍ «አቶ» አትበል። «አንጮቴ» ብለህ «የሥራ ሥር ዓይነት» አትበልልኝ። ገጸ ባሕርይህ ቀቅላ ትላጠው፣ ወቅጣ በቅቤ ታቅርበው፤ አንባቢው ይገባዋል። ጎጃሜ ሲጽፍ «ደቦ»ን በቅንፍ ያብራራል?

«ታዲያ በየትኛው ቋንቋ ልጻፍ?» ይሉኛል። ጆሮህ በሚሰማበት። ዳባ ወዬሳ «ጎዳኒሳ»ን በኦሮምኛ ጻፈ፤ ክበባችን ውስጥ ያለችው ቅጂ ሽፋኗ ከረገፈ ቆይቷል። ወለጋ ጩታ የተወለደው ሰሎሞን ዴሬሳ ደግሞ በ1963 ዓ.ም. በወጣው «ልጅነት» የአማርኛን ግጥም ከለመደው ቤት አስወጣው። ገጣሚ እንጂ ልብ ወለድ ጸሐፊ አልነበረም፤ ቢሆንም ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ።

አሁን ወደ እንጀራው። «ሥራ ለቅቄ የሙሉ ጊዜ ደራሲ ልሁን?» ለሚለኝ መልሴ «የአንድ ዓመት አስቤዛ አለህ?» ነው። ሀዲስ ዓለማየሁ ዲፕሎማት ነበሩ። በዓሉ ግርማ ጋዜጠኛ ነበር። ዳኛቸው ያስተምር ነበር። ከምንወዳቸው መጻሕፍት ብዙዎቹ የቢሮ ሰው ማታ የጻፋቸው ናቸው። ሥራውን ጥሎ በብዕሩ ብቻ ለመኖር ቀድሞ የደፈረው አቤ ጉበኛ ነው፤ በ1955 ዓ.ም. የወጣው «አልወለድም» ታግዶበት፣ በኋላም ራሱ ወደ ጎረቤታችን ወደ ኢሉባቦር ተግዞ፣ መጻፉን አልተወም። ድፍረቱን አደንቃለሁ። ለተማሪ ግን አላዝም።

የእኛ አገር የመጽሐፍ ገንዘብ እንዲህ ይሄዳል፦ ደራሲው አብዛኛውን ጊዜ ማተሚያ ቤቱን ከኪሱ ይከፍላል፤ አከፋፋይ በቅናሽ ይረከበዋል፤ ከዚያ መደብር፣ ከዚያ አዟሪ። ሁሉም ድርሻውን አንሥቶ የተረፈው ለጻፈው ይመለሳል፣ ከተመለሰ። የሁለተኛ መድበሌን ሦስት መቶ ቅጂ ስሙን የማልጠራው አከፋፋይ በዱቤ ወሰደ። የውል ወረቀት አላስፈረምኩትም፤ «በሰው ማመን» ብዬ። ዛሬ ስልኬን አያነሣም። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ የደራሲን የገንዘብ መብት በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠብቅለታል። ያልተፈረመ ወረቀት ግን እሱም አይጠብቅም። ከመጨረሻው ምዕራፍ በፊት ውል ማንበብ ተማሩ።

በቴሌግራም የመጽሐፍ ፒዲኤፍ የምትለዋወጡ አንባቢዎቼም አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ተማሪዎቼ ናችሁ። «አገሩ ሩቅ ነው፣ መጽሐፍ አይደርሰንም» ትላላችሁ። ከአዲስ አበባ ነቀምቴ 331 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሞባይል፣ ጫማና ቢራ ይደርሳችኋል።

«ኮምፒዩተር የለኝም» የሚለኝም አለ። ነቢይ መኮንን እስር ቤት ሆኖ «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን የተረጎመው በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ነው። ከዚህ በላይ አልልም።

የጊምቢው ልጅ ባለፈው ቅዳሜ ሦስተኛውን ረቂቅ አመጣ። እናትየው በሁለት መስመር ተናግራ ትወርዳለች፤ አማርኛዋ ሙሉ ነው። ልጁ ባኮ ሳይደርስ ሻንጣውን ከፍቶ ጭኮውን በላው። አጠገቡ ያለው ተሳፋሪ «ማን ሠራልህ?» ሲለው «ገዝቼው ነው» ይላል። ለምን እንደዋሸ አልጻፈም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። «የስንብት ዕንባ» ብሎ ሰይሞታል። ርዕሱ ላይ ገና እየተጨቃጨቅን ነው።