ካምሪ ወይስ ሌክሰስ? ሲገዙ ይራራቃሉ፣ ሲሸጡ ይቀራረባሉ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደውን አስፋልት ይዞ ሐሙሲት ላይ ወደ ምሥራቅ የታጠፈ መንገደኛ የደራ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን አንበሳሜን ያገኛል። ጤፉና ዳጉሳው ከገጠር ገብቶ በኩንታል እየተመዘነ ወደ ትልልቆቹ ከተሞች የሚጫንባት ከተማ ናት። በዚህ አካባቢ የሚሠራ ነጋዴ እጁ ሲፈታ አስቀድሞ የሚያስበው የጭነት አይሱዙ ነው። አይሱዙው ሠርቶ ትርፍ ሲያመጣ ደግሞ ለራሱና ለቤተሰቡ የቤት መኪና ያምረዋል። ያን ጊዜ ደላላው ሁለት ምርጫ ይዞ ይቀርባል፤ አንድ ቶዮታ ካምሪና አንድ ሌክሰስ ኢኤስ።

ሁለቱም ባለ አራት በር ናቸው። ሁለቱም አምስት ሰው ይጭናሉ። የዋጋቸው ልዩነት ግን ለአንድ የእህል ነጋዴ የአንድ ወቅት የሥራ ማስኬጃ ሊሆን ይችላል። የነገሩ ቁልፍ ያለውም እዚህ ላይ ነው። ያ ተጨማሪ ገንዘብ ምን ይገዛል? መኪናው የሚሸጥበት ቀን ሲመጣስ ተመልሶ ይገኛል?

አንድ ወላጅ፣ ሁለት ስም

«በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» ይባላል። የሌክሰስም ነገር ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1989 አሜሪካ ገበያ ላይ ያወጣው ራሱ የቶዮታ ኩባንያ ነው፤ ዓላማው መርሴዲስና ቢኤምደብሊው ይዘውት የነበረውን የባለጸጎች ገበያ መሻማት ነበር። በዚያው ዓመት ሁለት መኪኖች ቀረቡ። ትልቁ ኤልኤስ 400 ከመሠረቱ በአዲስ መልክ የተነደፈ ሲሆን፣ ታናሹ ኢኤስ 250 ግን የተሠራው በካምሪ አካል ላይ ነበር። ከዚያም ወዲህ ኢኤስ ከካምሪ ወይም ከካምሪ ታላቅ ወንድም ከአቫሎን ጋር መሠረቱን እየተጋራ ቆይቷል።

ሞተሩም እንደዚሁ ነው። ኢኤስ 350 እየተባለ በገበያችን የሚታወቀው መኪና የተገጠመለት 3.5 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር፣ በዚያው ዘመን ባለ ስድስት ሲሊንደር ካምሪ ላይ የተገጠመው ራሱ ነው። በመስክ መኪናዎችም በኩል ሌክሰስ ኤልኤክስ ከላንድ ክሩዘር፣ ጂኤክስ ደግሞ ከፕራዶ ጋር ተመሳሳይ ዝምድና አላቸው።

ይህ ሲባል ሌክሰስ ባዶ ስም ነው ማለት አይደለም። የጎማና የነፋስ ድምፅ እንዳይገባ የሚከላከለው ሥራ የበዛበት ነው፤ መቀመጫው በአብዛኛው ቆዳ ነው፤ ቀለሙና የውስጥ አጨራረሱ የተሻለ ነው። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ የተጓዘ ሰው ከሌክሰስ ሲወርድ ድካሙ ይቀንስለታል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የዋስትና ልዩነት አለ። ቶዮታ ለመላው መኪና የሚሰጠው ዋስትና 3 ዓመት ወይም 36 ሺሕ ማይል ሲሆን፣ የሌክሰስ 4 ዓመት ወይም 50 ሺሕ ማይል ነው። ነገር ግን ያ ዋስትና ለአሜሪካ ገዢ የተጻፈ ነው። ባሕር ተሻግሮ፣ እጅ ለእጅ ተላልፎ አንበሳሜ ለደረሰ ሌክሰስ ምንም አይፈይድም። ገዢው ግን የመጀመሪያው ባለቤት ለዋስትናው ጭምር የከፈለበትን ዋጋ ይወርሳል።

ልዩነቱን ማን አበዛው?

አሜሪካ ውስጥ የ2024 ሞዴል ካምሪ መነሻ ዋጋው ከ26 ሺሕ ዶላር ትንሽ ከፍ ያለ ሲሆን፣ የዚያው ዓመት ኢኤስ ከ40 ሺሕ ዶላር በላይ ነበር። ልዩነቱ በቁጥር ወደ 15 ሺሕ ዶላር ይጠጋል። ይህ ለአሜሪካዊው ገዢ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ግን ስሌቱ ሌላ ነበር።

ለብዙ ዓመታት በሥራ ላይ በቆየው አሠራር፣ ከ1,800 ሲሲ በላይ የሆነ አውቶሞቢል በመጀመሪያ 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ይከፈልበታል። በድምሩ ላይ 100 በመቶ ኤክሳይስ ታክስ ይጨመራል። በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከዚያም 10 በመቶ ሱር ታክስ ይመጣል። በ100 ብር የተነሳው ዕቃ መጀመሪያ 135፣ ቀጥሎ 270፣ ቀጥሎ 310 ብር ከ50 ይሆንና በመጨረሻ 341 ብር ከ55 ሳንቲም ሆኖ ይወጣል። ቅድመ ግብሩ ገና አልተቆጠረም።

ታክሱ የሚታሰበው በዋጋ ላይ ስለሆነ ልዩነቱም አብሮ ይባዛል። 15 ሺሕ ዶላር የነበረው የካምሪና የሌክሰስ ርቀት በዚህ ስሌት ከ51 ሺሕ ዶላር በላይ ይደርሳል። አንድ ዶላር በ50 ብር ብቻ ቢታሰብ እንኳ ከ2 ሚሊዮን 500 ሺሕ ብር በላይ ነው። ከዚህ ውስጥ ወደ ቆዳው መቀመጫና ወደ ጸጥታው የሄደው ከሦስት አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። የቀረው ወደ መንግሥት ካዝና ገብቷል።

የአዲስ አበባ ጎዳና በቪትዝና በኮሮላ የተሞላውም በዚሁ ምክንያት ነበር። እስከ 1,300 ሲሲ ያለው ኤክሳይስ 30 በመቶ፣ እስከ 1,800 ሲሲ ያለው 60 በመቶ ነበር። ባለ 1.8 ሊትሩ ኮሮላ 1,800 ሲሲ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ስለሚቆም ከ100 በመቶው አመለጠ። ካምሪና ኢኤስ ግን ሁለቱም ከመስመሩ በላይ ናቸው። በየካቲት 2012 ዓ.ም. የጸደቀው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ለትንሹ አዲስ መኪና ታክሱን ወደ 5 በመቶ ሲያወርደው፣ ከ1,800 ሲሲ በላይ ለሆነው 100 በመቶውን እንዳለ አቆየው። ባረጁ መኪኖች ላይ ደግሞ እንደ ዕድሜያቸው እስከ 500 በመቶ ጣለባቸው።

ዳገቱ ምን ይላል?

የፎገራ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተዘርግቷል። ከወረታ ተነስቶ በአለም ሳጋ ደን በኩል ደብረ ታቦር የሚደርስ መኪና ወደ 2,700 ሜትር ይወጣል። አየሩ እየሳሳ በሄደ መጠን ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አሥር በመቶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል። ደብረ ታቦር ላይ የጠፋው ወደ ሩብ ይጠጋል ማለት ነው። በፋብሪካ ወረቀቱ 270 ገደማ የፈረስ ጉልበት ያለው ኢኤስ 350 እዚያ ወደ 200 ይወርዳል። 158 የሆነው ባለ 2.4 ሊትር ካምሪ 120 ገደማ ይቀረዋል።

እዚህ ላይ ለሌክሰስ ሚዛን መስጠት ያስፈልጋል። ዳገት ላይ እህል የጫነ መኪና ለመቅደም ትርፍ ጉልበት ያለው ሞተር ደኅንነትም ነው። ሆኖም ያ ሞተር ባለ ስድስት ሲሊንደር ካምሪ ላይም ይገኛል። ጉልበት የፈለገ ሰው የግድ የሌክሰስን ስም መግዛት የለበትም።

የነዳጁም ነገር አለ። በአሜሪካ መንግሥት መለኪያ ባለ 2.4 ሊትሩ ካምሪ በ100 ኪሎ ሜትር ከ9 እስከ 10 ሊትር ሲጠጣ፣ ባለ 3.5 ሊትሩ ኢኤስ ወደ 11 ሊትር ይጠጣል። የቤንዚን ዋጋ በ2017 ዓ.ም. በሊትር ከ100 ብር በላይ ካለፈ በኋላ ይህ በየሳምንቱ የሚቆጠር ብር ሆኗል።

ከአስፋልት ሲወጣ ሁለቱም እኩል ይቸገራሉ። ሁለቱም ከመሬት ያላቸው ከፍታ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሌክሰሱ ብዙ ጊዜ 17 ወይም 18 ኢንች ቼርኪዮ ስለሚያደርግ የጎማው ግድግዳ አጭር ነው። ድንጋይና ጉድጓድ ሲያገኘው ቼርኪዮው ቶሎ ይመታል። ባለ 16 ኢንቹ ካምሪ ይህን በተሻለ ይችለዋል።

የሶማሌ ተራ ሒሳብ

መኪና ሲበላሽ መድረሻው መርካቶ ሶማሌ ተራ ነው። የሁለቱ ዝምድና ገዢውን የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የዘይት ፊልትሮ፣ ካንዴላና በርካታ የሞተር ዕቃዎች ከካምሪው ጋር አንድ ናቸው። ስለዚህ ሌክሰስ ያለው ሰው ዕቃ ሲያስፈልግ በስሙ ሳይሆን በዕቃው ቁጥር ቢጠይቅ ይሻለዋል። አንድ ቁጥር ያለው ዕቃ በሌክሰስ ካርቶን ሲገባ ስሙን ይዞ ይወደዳልና።

የማይጋሩት ደግሞ ከውጭ የሚታየው ነው። የፊት መብራት፣ ፓራውልት፣ ኮፈን፣ የበር መስተዋትና የውስጥ ኤሌክትሮኒክስ የየራሳቸው ናቸው። ካምሪው ሲጋጭ ከተፈታታ መኪና መብራት የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ለሌክሰሱ ግን በአገር ውስጥ የተፈታታ ወንድም ማግኘት ያስቸግራል፤ ዱባይ ድረስ ማስፈለግ ሊመጣ ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ለደራና ለደብረ ታቦር ሰው ዕቃ የመጠበቁ ጊዜ ይረዝማል። ጋራዥ የቆመ መኪና ደግሞ ካምሪም ሆነ ሌክሰስ ዋጋው አንድ ነው።

የሽያጩ ቀን

አዲስ ሌክሰስን ከአዲስ ካምሪ የሚያስወድዱት ነገሮች ጸጥታው፣ ቆዳው፣ ኤሌክትሮኒክሱና ዋስትናው ናቸው። መኪና ሲያረጅ ቀድመው የሚሄዱትም እነዚሁ ናቸው። ቆዳው ይሰነጠቃል፤ የበሩ ጎሚኒ ደርቆ ድምፅ ያስገባል፤ ስክሪኑ ይጠፋል። ከአሥር ዓመት በኋላ በሕይወት የሚቆየው ሞተሩና ካምቢዮው ሲሆን፣ እሱ ደግሞ ከካምሪው ጋር የሚጋራው ነው። ስለዚህም ሁለቱ መኪኖች ሲገዙ ተራርቀው ሲሸጡ ይቀራረባሉ። የብር ዋጋ በመውረዱ የሁለቱም መሸጫ በቁጥር ሊያድግ ይችላል። በመካከላቸው የነበረው ርቀት ግን አብሮ አያድግም።

ሌላው የገዢ ብዛት ነው። ደላላ «ስንት ያወጣል?» ከማለቱ በፊት «ማን ይገዛዋል?» ብሎ ያስባል። ካምሪን የሚገዛ ነጋዴ፣ ሐኪም፣ ኮንትራክተርና የራይድ ሥራ ፈላጊ አለ። ሌክሰስን የሚፈልገው ጥቂት ሰው ሲሆን፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ነው። ድንገት ገንዘብ ያስፈለገው የአንበሳሜ ነጋዴ ካምሪውን ባሕር ዳር ላይ ሊሸጥ ይችላል። ሌክሰሱን ግን ገዢ ወዳለበት ይዞት መሄድ ይኖርበታል፤ የቸኮለ ሻጭ ደግሞ ዋጋ አይቆርጥም።

ሌክሰስ የሚገዛ ሰው ሊብሬውን ብቻ ሳይሆን የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ማየት ይገባዋል። ቅንጡ መኪናዎች በኤምባሲዎችና በልዩ መብት ከቀረጥ ነፃ የሚገቡበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለው መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ ወደ ተራ ገዢ አይዛወርም። «ርካሽ ሌክሰስ» ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀውም ይኸው ነው።

ከ2016 ወዲህ

በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን አስታውቋል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዚህ ምክንያት ቀድመው የገቡ የቤንዚን መኪኖች ሁሉ ተፈላጊነታቸው ጨምሯል። ይህ ለሁለቱም መልካም ነው። ነገር ግን አዲስ የማይገባለት መኪና የሚኖረው በመለዋወጫ ስለሆነ፣ ብዛት ያለው መኪና ብዛት ከሌለው የተሻለ ዕድሜ አለው።

በኤሌክትሪክ መኪና በኩል ሒሳቡ ተለውጧል። በ2014 ዓ.ም. በወጣው ውሳኔ ተገጣጥሞ የመጣ የኤሌክትሪክ መኪና ከኤክሳይስ፣ ከሱር ታክስና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ሆኖ 15 በመቶ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍል ተደርጎ ነበር። በዚያ ስሌት 15 ሺሕ ዶላር የሆነው የስም ልዩነት 51 ሺሕ መሆኑ ቀርቶ 17 ሺሕ 250 ዶላር ነው። ቅንጦት የሚወድ ገዢ ስሙን በረከሰ ዋጋ የሚያገኘው እዚያ ነው፤ ቤቱ አስተማማኝ መብራት ካለው።

ሌክሰስ የሚያዋጣው ሰው የለም ማለት አይደለም። ኑሮው አዲስ አበባ የሆነ፣ በአስፋልት ብቻ የሚነዳ፣ መኪናውን አሥር ዓመት ለመያዝ የወሰነና የተሟላ ሰነድ ያለው ሌክሰስ ከካምሪው ብዙም ባልራቀ ዋጋ ያገኘ ሰው ቢገዛ አይከስርም። ያረጀ ሌክሰስ የሚያዋጣው የመጀመሪያው ባለቤት ለስሙ ከከፈለ በኋላ ለሚገዛ ነው።

የአንበሳሜው ነጋዴ ግን ሌላ ሚዛን አለው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት መኪናው ውስጥ ከገባ ወለድ አያመጣም። መጋዘን ውስጥ ከገባ ጤፍ ሆኖ ከኅዳር እስከ ክረምት ይቆይና ትርፍ ይዞ ይወጣል። ካምሪውን ገዝቶ ልዩነቱን ከመጋዘኑ ያስገባ ሰው የዳገቱን መንገድ በዚያው ሞተር ይወጣዋል፤ ገንዘቡም ሥራ ላይ ይቆይለታል።