ከበረዶው ሥር ውኃ ቀርቷል?

በአላስካ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በኡትኪያግቪክ ከተማ፣ ኅዳር ላይ የጠለቀች ፀሐይ ጥር እስኪጋመስ ተመልሳ አትወጣም። በከተማዋ ዙሪያ ባለው ሜዳ ሐይቅ በሐይቅ ነው፤ ብዙዎቹ ግን ከ3 ሜትር አይጠልቁም። ብርዱ ሲበረታ የበረዶው ውፍረት 2 ሜትር ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ ስለ እያንዳንዱ ሐይቅ መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ በረዶው ወርዶ ወርዶ መሬት ነክቷል ወይስ ከሥሩ ውኃ ቀርቷል?

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ውኃ በቀረበት ዓሣ ይከርማል። ሐይቁ እስከ ታች ከረጋ ግን ብርዱ ወደ አፈሩ ይዘልቃል፤ ካልረጋ አፈሩ ከውኃው ሙቀት እያገኘ ቀስ በቀስ ይቀልጣል፤ በቀለጠው ጭቃ ውስጥም ረቂቅ ሕዋሳት ሚቴን ያመነጫሉ።

ይህን በጨለማ ማየት የሚችለው ራዳር ነው። ብርሃን አይጠብቅም፤ ራሱ ሞገድ ልኮ የተመለሰለትን ይለካል። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከአውሮፕላን በተነሡ የራዳር ምስሎች ላይ ጎን ለጎን ካሉት ሐይቆች አንዱ ደምቆ፣ ሌላው ጠቁሮ ታየ። ሁለቱም ግን በረዶ የለበሱ ናቸው። ልዩነቱ ከየት መጣ?

እኛ ከሰማይ የሚወርደውንም፣ ሐይቅ ላይ የሚረጋውንም በረዶ እንላለን። ራዳሩም እስከደረቁ ድረስ ሁለቱን ሰንጥቆ ያልፋል፤ እ.ኤ.አ. በ1991 የመጠቀችው ኢአርኤስ-1 ሳተላይት ትልከው የነበረው 6 ሴንቲሜትር የማይሞላ ሞገድ ወርዶ ከታች ያለውን ይነካ ነበር። የረጋ ጭቃ ኤሌክትሪካዊ ባሕርዩ ከበረዶ ብዙ ስለማይርቅ ሞገዱ እዚያው ገብቶ ይቀራል፤ ምስሉ ይጠቁራል። ውኃ ግን በዚህ ባሕርይ ከበረዶ በብዙ እጥፍ ስለሚለይ ሞገዱን ይመልሳል።

እዚህ ላይ መቆም ያስፈልጋል። ሳተላይቷ ታይ የነበረው በሰያፍ ነው፤ ውኃው እንደ መስታወት የለሰለሰ ቢሆን ኖሮ ሞገዱ ወደ ማዶ ነጥሮ በሄደ ነበር። ታዲያ ወደ ሳተላይቷ የሚመልሰው ምንድን ነው? ለረጅም ጊዜ መልሱ በበረዶው ውስጥ ቀጥ ብለው የቆሙት የአየር አረፋዎች ናቸው ተብሎ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ግን በዋናነት የበረዶው ታችኛ ገጽ ሸካራነት መሆኑን አሳይተዋል። ምስሉ ሲነበብ የኖረው በትክክል ነው፤ የተሳሳተው ምክንያቱ ነበር። በእኔ እይታ የራዳር ምስል ንባብ ትልቁ ትምህርት ይኸው ነው።

ክሪስቲና ሱርዱ፣ ክሎድ ዱጌ እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት ከ1991 እስከ 2011 በዚሁ አካባቢ የተነሡትን የራዳር ምስሎች መርምረው፣ በሚያዝያ ወር መሬት የነካው በረዶ ድርሻ በ22 በመቶ መቀነሱን አገኙ። ለዚህ የአየሩ መሞቅ ብቻ አይደለም ተጠያቂው፤ በላዩ የሚከመረው አመዳይም እንደ ጋቢ ሸፍኖ ውኃውን ከብርዱ ይጋርደዋል።

ራዳሩም የሚታለልበት ጊዜ አለው። ላዩ ቀልጦ ሲርስ ሞገዱ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ ከሥሩ ውኃ ያለውም ሐይቅ ይጠቁራል። ስለዚህ አስተማማኙ ንባብ መቅለጥ ሳይጀምር የሚደረገው ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ሴንቲኔል-1 የተባለችው የራዳር ሳተላይት በየ12 ቀኑ በአንዱ ምሕዋር ተመልሳ ያንኑ ቦታ ታያለች። ምስሎቹ በተከታታይ ሲታዩ ጥቁረቱ ከዳር ተነሥቶ ወደ መሃል ይገባል። የአንድ ቦታ ጥልቀት ከታወቀ፣ ያ ቦታ የጠቆረበት ቀን የበረዶውን ውፍረት ይናገራል። በመጨረሻ መሃል ላይ ደምቃ የምትቀረው ቁራጭ ዓሣው የተሰበሰበባት ናት።