አዛዥ የሌለው ምት

በግ ሲታረድ ቀርቦ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ልቡ ከደረት ከወጣ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ይርገበገባል። ከአንጎል የሚመጣው ነርቭ ተቆርጧል፣ ደምም አይደርሰውም። ታዲያ እንዲመታ የሚያዘው ማን ነው? እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዴኒስ ኖብል ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ኖረዋል። የደረሱበት መልስ በጊዜው ለብዙዎች የሚዋጥ አልነበረም፤ አዛዥ የለም።

ነገሩን ለመረዳት ወደ አንዲት ሴል መውረድ ያስፈልጋል። የልብም ሆነ የነርቭ ሴል በስስ የስብ ሽፋን የተከበበ ነው። ፖታሲየም በሴሉ ውስጥ ከውጭው 30 እጥፍ በላይ ይበዛል፤ ሶዲየም ደግሞ በተቃራኒው በውጭ በኩል ከ10 እጥፍ በላይ ይበዛል። ሁለቱም የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያላቸው አተሞች፣ ማለትም አዮኖች ስለሆኑ ስቡን አልፈው መሄድ አይችሉም። የሚያልፉት ሽፋኑን ዘልቀው በተተከሉ ፕሮቲኖች መሐል ባለ ጠባብ ቀዳዳ ነው። አዮን ቻናል የሚባሉት እነዚህ ናቸው። እያንዳንዱ ቻናል መርጦ ያሳልፋል፤ የፖታሲየሙ ቻናል ሶዲየምን ይመልሳል፣ ለፖታሲየም ሲከፈት ግን በሴኮንድ ሚሊዮኖች ያልፉበታል። ዋናው ቁም ነገር ደግሞ ብዙዎቹ የሚከፈቱትና የሚዘጉት በሽፋኑ ላይ ባለው ቮልቴጅ መሆኑ ነው። ቮልቴጁ ቻናሉን ይከፍታል፤ በተከፈተው ቻናል የሚያልፉት አዮኖች መልሰው ቮልቴጁን ይቀይራሉ።

ይህን ምልልስ መጀመሪያ በቀመር ያስቀመጡት አላን ሆጅኪንና አንድሩ ሃክስሊ ናቸው። በፕሊመዝ የባሕር ምርምር ጣቢያ በስኩዊድ ላይ ይሠሩ ነበር፤ የዚህ የባሕር እንስሳ ትልቁ የነርቭ ክር ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ስለሚወፍር ቀጭን ሽቦ ሊገባበት ይችላል። የነርቭ ምልክት የሚፈጠረው ሶዲየም ቀድሞ ሲገባ፣ ፖታሲየምም ተከትሎ ሲወጣ መሆኑን በ1952 ባሳተሟቸው ጥናቶች አሳዩ። የካምብሪጅ ኮምፒውተር በዚያ ወቅት አገልግሎት አይሰጥም ነበርና ሃክስሊ ስሌቱን የሠሩት በእጅ በሚዘወር የሒሳብ ማሽን ነው፤ ሳምንታት ፈጅቶባቸዋል። በ1963 ሁለቱ ከጆን ኤክልስ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ኖብል በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን የዶክትሬት ጥናታቸውን የጀመሩት በ1958 ነው። አማካሪያቸው ኦቶ ሁተር በ1938 የናዚን ግፍ ሸሽተው ከቪየና ወደ እንግሊዝ ከተላኩት አይሁዳውያን ልጆች አንዱ ነበሩ። መምህሩና ተማሪው የያዙት ጥያቄ ሲናገሩት ቀላል ነው፤ የነርቩ ቀመር ለልብ ይሠራል?

እንቅፋቱ ጊዜ ነበር። የነርቭ ምልክት በአንድ ወይም በሁለት ሚሊሴኮንድ ያልቃል። በልብ ውስጥ ምልክቱን ወደ ታችኞቹ ክፍሎች በሚያደርሱት የፑርኪንዬ ክሮች ላይ ግን ከ300 ሚሊሴኮንድ በላይ ይቆያል። የፖታሲየም ቻናሎች በልብ ውስጥም እንደ ነርቩ ወዲያው ቢከፈቱ ኖሮ ምልክቱ ገና ሳይጀምር ይጠፋ ነበር፤ ጡንቻው ለመኮማተርና ደም ለመግፋት ጊዜ አያገኝም። ሁተርና ኖብል ከቄራ በመጣ የበግ ልብ ላይ ሠርተው ያገኙት ያልተጠበቀ ነገር ነው። ሴሉ ሲነቃ አንዱ ዓይነት የፖታሲየም ቻናል በመከፈት ፈንታ ይዘጋል፤ ሌላው ዓይነት ደግሞ በጣም ቀስ ብሎ ይከፈታል። ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። በእያንዳንዱ ምት ፖታሲየሙን እንዳሻው ቢያፈስ መልሶ ለማስገባት የሚያወጣው ጉልበት ከባድ ይሆንበት ነበር፤ የሚዘጋው ቻናል ይህን ብክነት ይከላከላል።

ቀጣዩ ሥራ ስሌት ነበር፤ ለዚህ ደግሞ ኮምፒውተር ያስፈልጋል። የለንደን ዩኒቨርሲቲ በዚያ ዘመን በቫኩም ቱቦ የሚሠራ ሜርኩሪ የሚባል አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ነበረው፤ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ተሻምተውበታል። ኖብል ቀመራቸውን ይዘው ሲሄዱ ኃላፊዎቹ ጥርጣሬ አደረባቸው። ተደጋግሞ የሚመታ ነገር ማስላት ከፈለግህ፣ ምቱን የሚፈጥረው ክፍል በቀመሩ ውስጥ የት አለ? ብለው ጠየቋቸው። የሒሳብ ዝግጅታቸውም አነስተኛ ነበርና ኖብል ለመሐንዲሶች በሚሰጥ የሒሳብ ትምህርት ገብተው ተማሩ፤ ፕሮግራም መጻፍም ለመዱ። በመጨረሻ የተፈቀደላቸው ሌላ ሰው የማይፈልገው ሰዓት ሆነ፤ ከሌሊቱ 8 እስከ 10። ከዚያ ማለዳ ወደ ቄራ ሄደው የበግ ልብ ይቀበሉና ቀኑን በሙከራ ያሳልፉታል።

ስሌቱ ሲጠናቀቅ ቁጥሮቹ ላይ ምት ታየ። ለአዛዥነት የተመደበ ክፍል በቀመሩ ውስጥ አልነበረም፤ ምቱ የመጣው ከቻናሎቹና ከቮልቴጁ ምልልስ ብቻ ነው። ውጤቱ በ1960 በኔቸር መጽሔት ሲወጣ ኖብል ገና 24 ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ የልብ ሴል የኮምፒውተር ሞዴሎች የዘር ሐረጋቸው ወደዚህ ሥራ ይመለሳል።

ሞዴሉ ግን ጉድለት ነበረበት። ካልሲየም አልነበረውም፤ የልብን የካልሲየም ጅረት፣ ማለትም በቻናሎቹ የሚያልፈውን የካልሲየም አዮኖች ፍሰት፣ ሃራልድ ሮይተር በ1967 ነው ያሳዩት። የባሰው ስሕተት ከዚያ በኋላ መጣ። በ1968 በኦክስፎርድ ኖብልና ተማሪያቸው ሪቻርድ ፅየን በሁለት ምቶች መካከል ሴሉን ቀስ እያለ ወደሚቀጥለው ምት የሚገፋው ከሴሉ የሚወጣ ፖታሲየም እየቀነሰ መሄዱ ነው አሉ። ማስረጃው ጠንካራ ይመስል ነበር፤ ጅረቱ አቅጣጫውን የሚቀይረው ለፖታሲየም በሚጠበቀው ቮልቴጅ ላይ ነበርና። ከአሥር ዓመት በላይ የመማሪያ መጻሕፍት ይህንኑ አስተማሩ።

በ1979 ሂላሪ ብራውን፣ ጣሊያናዊው ዳሪዮ ዲፍራንቼስኮና የኖብል ባለቤት ሱዛን ኖብል በዚያው በኦክስፎርድ የጥንቸል ልብ ምት የሚጀምርበትን ቦታ ሲያጠኑ ወደ ውስጥ የሚገባ እንግዳ ጅረት አገኙ። ብዙዎቹ ቻናሎች ሴሉ ሲነቃ ሲከፈቱ ይህ የሚከፈተው ሴሉ ወደ ዕረፍት ሲመለስ ነው። አድሬናሊን ሲደርሰው ያይላል፤ ስንደነግጥ ልባችን የሚፈጥንበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ባሕርዩ ስላስገረማቸው አስቂኙ ጅረት አሉት። በ1981 ዲፍራንቼስኮ በጥጃ የፑርኪንዬ ክሮች ላይ ባሪየም ጨምረው ሌላውን የፖታሲየም ጅረት ሲዘጉ፣ የ1968ቱ ማስረጃ ጠፋ። በሴሎቹ መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት የፖታሲየም መጠን መለዋወጡ ተመራማሪዎቹን አሳስቷቸው ነበር። ለካ የ1968ቱ ጅረትና አስቂኙ ጅረት አንድ ናቸው፤ የሚወጣ ፖታሲየም ሳይሆን በአብዛኛው የሚገባ ሶዲየም ነው።

በዚህ ቦታ ስንቱ ሊቅ በግትርነት ስሙን አበላሽቷል! ኖብል ግን የራሳቸውን ሥራ ካፈረሱት ሰው ጋር አብረው ተቀመጡ። በ1985 የታተመውና እስካሁን በሁለቱ ስም የሚጠራው የዲፍራንቼስኮ-ኖብል ሞዴል የዚህ ፍሬ ነው። ከግኝታቸው ሁሉ በላይ ሊታወሱበት የሚገባ ተግባር ይህ ይመስለኛል።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጣ። አስቂኙ ጅረት ምቱን የሚያስጀምር ከሆነ፣ ቢዘጋ ልብ ይቆማል? ኖብልና ባልደረቦቻቸው በሞዴላቸው ላይ ሲያጠፉት ምቱ በመጠኑ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ጅረቱ ሲጠፋ ቮልቴጁ በጥቂቱ ይቀየራል፤ ይህም ሌሎች ጅረቶች ክፍተቱን እንዲሸፍኑ ያደርጋል። በሠርግ ቤት ከአጨብጫቢዎቹ አንዱ እጁን ቢያሳርፍ ጭብጨባው እንደማይቋረጥ ነው። ኢቫብራዲን የተባለው መድኃኒት የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ይህንኑ ጅረት በመዝጋት ልብን ሳያቆም ፍጥነቱን ይቀንሳል። በአውሮፓ በ2005 የተፈቀደ ሲሆን ለልብ ድካምና ለደረት ውጋት ሕመምተኞች ይታዘዛል።

ኖብል በ2006 ባሳተሙት «ዘ ሚዩዚክ ኦቭ ላይፍ» በተሰኘ መጽሐፋቸው ከዚህ ተነሥተው ሰፋ ያለ ክርክር ከፍተዋል፤ ሕይወትን በጂን ትእዛዝ ብቻ መግለጽ አይቻልም ይላሉ። በዝግመተ ለውጥ ላይ የጻፉትን አጥብቀው የሚቃወሙ ባዮሎጂስቶች ጥቂት አይደሉም። ስለ ልብ ያሉት ግን በሙከራ የተረጋገጠ ነው።

የቻናል ጥናት ወደ እያንዳንዱ ሰው ቤት ገብቷል። ጥርስ ሲነቀል የሚወጋው ሊዶኬይን የነርቭን የሶዲየም ቻናል ይዘጋል፤ ያው መድኃኒት በደም ሥር ሲሰጥ የተዛባ የልብ ምትን ያስተካክላል። ኸርግ የሚባለው የፖታሲየም ቻናል ግን አደገኛ ጎን አለው። ምልክቱን በሰዓቱ የሚያስቆመው እሱ ስለሆነ ሲዘጋ ምልክቱ ይረዝማል፤ የልብን ኤሌክትሪክ በሚመዘግበው የኢሲጂ ወረቀት ላይ ኪውቲ የሚባለው ርዝመትም ይለጠጣል። ያኔ ልብ ድንገት ሥርዓቱን ስቶ ሊንቀጠቀጥ፣ ሰውየውም ራሱን ስቶ ሊወድቅ ወይም ሊሞት ይችላል። ቴርፌናዲን የተባለው የአለርጂ መድኃኒት በ1990ዎቹ መጨረሻ ከአሜሪካ ገበያ የወጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ በተለይ ከኤሪትሮማይሲን ወይም ከኪቶኮናዞል ጋር ሲወሰድ በደም ውስጥ እየተጠራቀመ ይህን ቻናል ይዘጋ ነበር። ዛሬ አዲስ መድኃኒት ለሰው ከመሰጠቱ በፊት በዚህ ቻናል ላይ ይፈተናል፤ የኖብል ሥራ የልጅ ልጆች በሆኑት የኮምፒውተር ሞዴሎች ላይም ይሞከራል።

በአገራችን ለቫይቫክስ ወባ የሚታዘዘው ክሎሮኪንም ኪውቲን ከሚያስረዝሙት አንዱ ነው። በታዘዘው መጠን ሲወሰድ ለአብዛኛው ሰው አያሰጋም፤ ከመጠን ሲያልፍ ግን ልብን ይጎዳል። ጠንካራ ተቅማጥና ትውከትም የሰውነትን ፖታሲየም ስለሚቀንሱ አደጋውን ያባብሳሉ። ስለዚህ መድኃኒት ሲታዘዝልዎ ሌላ የሚወስዱት ካለ አንድም ሳያስቀሩ ለሐኪሙ ወይም ለፋርማሲ ባለሙያው ይንገሩ፤ የሰው መድኃኒት ተውሰው አይዋጡ። የኪውቲ መርዘም በዘር ሊመጣም ይችላልና ከቤተሰብዎ ውስጥ ሲሮጥ ወይም ሲደነግጥ ራሱን ስቶ የሚወድቅ ልጅ ካለ፣ ወይም በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ ነገሩን በሌላ ምክንያት አሳብበው አይለፉት፤ ወደ ጤና ተቋም ሄደው የልብ ምርመራ፣ ኢሲጂ፣ እንዲደረግ ይጠይቁ። ምርመራው አያምምም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል።