ቤቱ መያዣ ይሁንህ ሲሏችሁ

ሐዋሳ ከተማ ቤት ይሠራል። ከቱላና ከአካባቢው ገጠር ግንበኛውም፣ አናጢውም ለሥራ ይመጣል። ግድግዳው ቆሞ ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ ባለቤቱ ገንዘብ ያጥረዋል። «ቤቱ መያዣ ይሁንህ፤ ቀስ ብዬ እከፍልሃለሁ» ይላል። በአንድ ወረቀት ይጻፍና ይፈርማሉ። ግንበኛው ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ይከታል፤ ልቡም ያርፋል።

ይህ ወረቀት ግን ለመያዣነት አይበቃም። ለምን?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 ቤትን መያዣ የሚያደርግ ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። ደግሞም በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሹም ዘንድ መመዝገብ አለበት። ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙበታል። የዕዳው ልክ በብር ይጻፋል። «የቀረውን ሒሳብ» ብሎ ማለፍ አይሆንም። መያዣ መስጠት የሚችለውም ቤቱን ለመሸጥ መብት ያለው ሰው ነው። ሥራውን የሚያሠራው ወንድም ወይም ፎርማን ያለ ውክልና ቢፈርም ዋጋ የለውም። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ መሬቱ ራሱ መያዣ አይሆንም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ማኅተም ከተመታ ሁሉ ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም! መያዣው ቤቱ ባለበት አገር፣ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ካልገባ አይጸናም። የሐዋሳ ቤት ከሆነ ሐዋሳ ይመዘገባል። ምዝገባው 10 ዓመት ይቆያል፤ ከዚያ በፊት ሊታደስ ይችላል። ገንዘብ ጠያቂዎች ሲበዙም ቀድሞ የተመዘገበው ቀድሞ ይከፈለዋል።

ስለ ጣት አሻራም እንናገር። ማንበብ የማይችል ሰው በውል ላይ ቢፈርም ወይም አሻራውን ቢያኖር፣ አዋዋይ ሹም ወይም ዳኛ ካላረጋገጠው በቀር ውሉ አያስገድደውም። ቁጥር 1728 እንዲህ ይላል። ሕጉ ይህን ያደረገው ያልተማረው እንዳይታለል ነው። እናንተ ግን አሁን ታነባላችሁ። ስለዚህ ከፈረማችሁ በኋላ «አላነበብኩትም» ብትሉ የሚሰማችሁ የለም። ያልገባችሁ ቃል ካለ ከመፈረማችሁ በፊት ሹሙን ጠይቁት።

የኪሱ ወረቀት መያዣ ባይሆንም ዕዳው አይጠፋም። ግንበኛው ፍርድ ቤት ከስሶ ገንዘቡን መጠየቅ ይችላል። ፍርድ ቤትም በቤቱ ላይ መያዣ ሊወስንለት ይችላል። ነገር ግን ባንክ በዚያው ቤት ቀድሞ ተመዝግቦ ከሆነ፣ ግንበኛው ከባንኩ ኋላ ይሰለፋል።