ጎብኚው ለምን ይደክማል?

እ.ኤ.አ. በ1916 አንድ የአሜሪካ መጽሔት ለየት ያሉ ፎቶግራፎች ይዞ ወጣ። ሙዚየም ውስጥ ያለ አንድ ሰው አንዴ ያጎነብሳል፣ አንዴ ቁጢጥ ይላል፣ አንዴ አንገቱን ያሰግጋል። የታዘዘው ስለ ዕቃዎቹ ቀላል ጥያቄዎችን እንዲመልስ ብቻ ነበር። የጥናቱ ባለቤት የቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ጸሐፊ ቤንጃሚን አይቭስ ጊልማን ሲሆን፣ የጽሑፉም ርእስ «የሙዚየም ድካም» ነበር።

ጎብኚው ዕቃውን በጨረፍታ አይቶ ሲያልፍ ግድ የለሽ ይመስላል። ጊልማን ግን ጥፋቱን በዕቃው ማሳያ ሣጥን ላይ አገኘው፤ ዕቃው ወለሉ አጠገብ ተቀምጧል፣ መግለጫ ጽሑፉ ደቋል፣ ጉልበት የሚያልቀው በማጎንበስ ነው።

ቆየት ብለው የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ ኤድዋርድ ሮቢንሰንና አርተር ሜልተን የጎብኚዎችን እርምጃ ተከታተሉ። አብዛኛው ሰው አዳራሽ ሲገባ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። መውጫ በር ካገኘ ደግሞ የቀረውን ግድግዳ ትቶ ይወጣል። የበር አቀማመጥ፣ ሰው የትኛውን ቅርስ ሳያይ እንደሚሄድ ይወስናል ማለት ነው።

ብርሃንም የራሱ ጣጣ አለው። ብራናና ጨርቅ በብርሃን ስለሚጎዱ ብዙ ሙዚየሞች መብራቱን ወደ 50 ሉክስ ያወርዱታል። እንዲህ ባለ ድንግዝግዝ ውስጥ ለአዛውንት ዓይን የሚሆን ጽሑፍ ተለቅ ያለና ከጀርባው ቀለም ጎልቶ የሚለይ መሆን አለበት።

አካል ብቻ ሳይሆን ሐሳብም ይደክማል፤ እዚህ ላይ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሊጠቀስ ይገባዋል። ቤቱ የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ ክፍሎቹ ለዐውደ ርእይ ተብለው አልተሠሩም። ሆኖም አዘጋጆቹ የሕዝቦችን ባህል በየክልሉ ከመደርደር ይልቅ የሰውን ዕድሜ መንገድ አደረጉት፦ ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞት። ማንም ጎብኚ ይህን ቅደም ተከተል ከራሱ ሕይወት ያውቀዋል፤ የማያውቀውን ሕዝብ የቀብር ሥርዓት ሲያይ እንኳ የት እንደደረሰ አይጠፋበትም። ብልህ አሠራር ነው።

አንድ ዐውደ ርእይ ጎብኚን ያደክም እንደሆነ ለመሞከር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። መግለጫ ጽሑፉ በውድ ሰሌዳ ላይ ከመታተሙ በፊት በተራ ወረቀት ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ ልጆች፣ አረጋውያንና በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ሰዎች ይጋበዛሉ። የት እንዳጎነበሱ፣ የቱን ዘለው እንዳለፉ፣ መቀመጫ የፈለጉት የት ላይ እንደሆነ ይመዘገባል፤ ወረቀቱም ተነቅሎ፣ ታርሞ እንደገና ይለጠፋል።